ሁለተኛው ክንድ

መስከረም 24

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጥድፊያዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ብርዱ ጀምሮ ከሆነ አንገትሽን ሸፍነሽ ውጪ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ የሰው ፀጉር አስተካክላለሁ። ስልክ የማላነሳው ኮርቼ አይደለም። ገና «ሃሎ» ስል ሳሉ ይቀድመኛል፣ አንቺ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ አንድ ቁም ነገር ሳንነጋገር ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን አልስልም።

የጠረጠሩት ነገር ተረጋግጧል፤ የሳንባ ካንሰር ነው። ምን ያህል እንደሄደ ጠይቀሽኝ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ ሌላ ነው። ሐኪሟ ካንቺ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። «አባባ፣ አንድ የሕክምና ሙከራ አለ፤ ሊገቡበት ይችሉ ይሆናል» አለችኝ። ሙከራ የሚለው ቃል ደስ አላለኝም። «ልትሞክሪብኝ ነው?» አልኳት። ሳትቆጣ አስረዳችኝ። የተለመደው መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ ነው። አዲሱ ኪኒን ከዚህ በፊት በሌሎች ሰዎች ላይ ተፈትሿል፤ አሁን የሚጠናው በተለመደው ላይ ሲጨመር ይበልጥ ይረዳል ወይስ አይረዳም የሚለው ነው። መልሱን እሷም እንደማታውቀው ነገረችኝ። ሐኪም «አላውቅም» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ያመንኳት ያን ጊዜ ነው።

ሱቅ ስመለስ አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። ጡረተኛው ሾፌር ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ «ሙከራ? ምነው፣ አይጥ አለቀባቸው?» አለ። ተራ የሚጠብቀው የሒሳብ አስተማሪ፣ «አይጥ ፀጉር አያስተካክልላቸውም፤ እሱ ያዋጣቸዋል» ብሎ ጨመረበት። ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ «አይጦ» ሆኗል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሁለት ወረቀት ሰጥተውኛል። በቋንቋችን የተጻፈው ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ዋናው ሃያ ሁለት ገጽ ሲሆን በፈረንጅኛ ነው፤ የሱ ሙሉ ትርጉም «ገና ቢሮ ነው» አሉኝ። ቢሮ ምን ያደርጋል አላልኩም። የጥናቱ ነርስ ሁሉንም በቃል አስረድታኛለች፣ አትከፋም፣ ደግ ናት። ግን አክስትሽ ቀዶ ሕክምና የገባች ዕለት ኮሪደር ላይ ወረቀት ሰጡኝ፤ እስክሪብቶውም የነሱ ነበር። ሳላነብ ፈረምኩ። ከዚያ ክፍል በእግሯ አልወጣችም። ጥፋቱ የወረቀቱ አለመሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ምን ላይ እንደፈረምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህ ስምንት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛ ሳላነብ አልፈርምም ብዬ ምያለሁ።

ስለዚህ ኮፒውን ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ በቋንቋችን አድርጊልኝ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ መልስ ስጥ ተብያለሁ።

የፈጠረሽ ይጠብቅሽ፤
አጎትሽ


ጥቅምት 13

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ምግብዎ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ ከሆቴል የሚመጣ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ የራሴን አልጋ ማንጠፍ ያስጠላኛል።

አጎቴ፣ ቢቆጡኝም እናገራለሁ፤ ይፈርሙ! አብራኝ የምትሠራ ሴት ለእናቷ እንዲህ ያለ ጥናት ስታፈላልግ ከርማ፣ በመጨረሻ «መስፈርቱን አያሟሉም» ተብላ እያለቀሰች ተመልሳለች። ለእርስዎ በሩ ተከፍቶ ሳለ ደጃፉ ላይ ቆመው ፊደል ይቆጥራሉ። ነርሷ አስረድታለች፣ ሐኪሟ አስረድታለች፣ ከዚህ በላይ ማን ይምጣ? እንደዚህ አድርገው ነው እኮ ጥርስዎን ዓመት ሙሉ ታመው የተቀመጡት።

ይኸው ወረቀቱን በቋንቋችን አድርጌ ልኬያለሁ። ልክ እንዳሉኝ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት። አንድ ሁለት ቦታ ቢሻክር ይለፉኝ፤ የሐኪም ቋንቋ ነው።

ምን ያህል እንደሄደ «ሌላ ጊዜ» ብለውኛል። ሌላ ጊዜ መቼ ነው?

ሱቁንም ቢዘጉት ምን አለበት? ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር እየተነፈሱ!

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤
ጥድፊያ


ኅዳር 6

ይድረስ ለጥድፊያዬ፤

ልፋትሽን የሚከፍል አምላክ ጤናና ዕረፍት ይስጥሽ። ወረቀትሽን ሱቅ ከመክፈቴ በፊት አራት ማለዳ፣ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ብዙው ገብቶኛል። በማንኛውም ጊዜ ምክንያት ሳልሰጥ መውጣት እችላለሁ፤ ብወጣ ሕክምናዬን አይከለክሉኝም። የምውጠውን ሁሉ መናገር አለብኝ፤ ነጭ ሽንኩርትና ማሩን ሳይቀር ለነርሷ አስመዝግቤያለሁ። ማስታወክ አለ፣ ድካም አለ፣ የፀጉር መርገፍ አለ። ለፀጉር አስተካካይ ጥሩ ማስታወቂያ ነው!

አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን እርስ በርሱ ይጠላለፋል። «ኪኒኑ በክንድ አንድ ይወሰዳል» የሚልም አለበት። ኪኒን በክንድ ሲዋጥ እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ፣ አለፍኩት። የጨነቀኝ ሌላው ነው፤ «ተሳታፊዎች በዕጣ በክንድ አንድ ወይም በክንድ ሁለት ይመደባሉ። በሁለቱም ክንድ የተለመደው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል» ይላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰደ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ደም ሥሩ እንደ ሽቦ ደርቆ እጁን መዘርጋት አቅቶት ነበር። ቀኝ ክንዴ ደግሞ መተዳደሪያዬ ነው። ቀኙ ከደረቀ መቀሱን ማን ይይዝልኛል? አንድ ማለት ቀኝ፣ ሁለት ማለት ግራ መሆኑ መቼም ግልጽ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው እንዲደርሰኝ ሳምንት ሙሉ ተንበርክኬ ለመንኩ።

የፈረምኩ ዕለት ለነርሷም «ሁለተኛው ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና፣ «አባባ፣ ምርጫው የእኔም የእርስዎም አይደለም» አለችኝ። «አሜን» አልኳት። እሷ የምታወራው ስለ ምድብ ነው፤ ያንቺ ወረቀት ስለ ክንድ ይናገራል። ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ሲምታታብኝም የሥጋ ዘመዴን ወረቀት አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መንከራተት አትጠይቂኝ። ለመግባት ብቻ አምስት ቀን ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሸ ተባለ። አንድ ቀን ደሜ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ውሎ እንደገና ተቀዳሁ። የሲቲ ስካኑ ውጤት ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲሻገር ጠፍቶ ተገኘ። አዲስ ሰው ባገኘኝ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ዓመት አጨሱ?» ነው። አክስትሽን ያገባሁ ዕለት እንዳቆምኩ ሰባት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ሰባቱም እንደ አዲስ ነው የጻፉት።

በመጨረሻ ከትናንት ወዲያ ነርሷ ደውላ፣ «አባባ፣ ሁለተኛው ነው የደረሰዎት» አለችኝ። «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። «እንዲህ ያለኝ ሰው የመጀመሪያው ነዎት» አለች። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ የረገፈው ፀጉር ላይ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ሰላም ዋይልኝ፤
አጎትሽ


ኅዳር 28

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደስታዬን በምን ልግለጽልዎ! ስላረፈድኩ ይቅር ይበሉኝ፣ ሁለት ሰው ታምሞ የነሱንም ፈረቃ እኔ ነኝ የያዝኩት። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አውርቻለሁ፤ «አጎቴ ገባ!» ብዬ።

ስለ ክንዱ የጻፉት በደንብ አልገባኝም፤ ደስ ካለዎት ግን ለኔም ደስታ ነው። ይልቅ አዲሱን ኪኒን ይንገሩኝ። በቀን ስንቴ ነው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ሆድዎን ይረብሸዋል? የማሸጊያውን ፎቶ ሾፌሩ በስልኩ ያንሳና ይላክልኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ።

ያንን ጥያቄዬንም አሁንም አልመለሱልኝም። ልጅ አይደለሁም አጎቴ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤
ጥድፊያ


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና እንደሆንሽ አምናለሁ። ኪኒኑ በቀን ስንቴ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አንድም ጊዜ አይደለም።

ተናድጄ ስለሆነ እንዳላቀላቅል ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ። የመጀመሪያው ዙር ዕለት የኔን የሱቅ ወንበር በመሰለ፣ ወደ ኋላ በሚተኛ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ነርሷ ግራ ክንዴን አሰረች፣ መታ መታ አደረገች፣ ሁለቴ ወጋች። ደም ሥሩ እየሸሸ እምቢ አላት። ከዚያ ቀኙን ያዘች።

«ቀኙ አይሆንም» አልኳት።

«ለምን አባባ? ያምዎታል?»

«ሁለተኛው ነው የደረሰኝ። በስልክ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።»

«አዎ፣ ሁለተኛው ነው።»

«ታዲያ ይሄ እኮ አንደኛው ነው!» ብዬ ክንዴን ከእጇ መነጨቅሁ።

ከጎኔ መድኃኒት የሚወስዱት ሴትዮ፣ «መድኃኒቱ ራሱ ላይ ወጣበት እንዴ? ገና እኮ አልጀመሩለትም» አሉ።

ወረቀትሽን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበች። ሳቋ መጣና ፊቴን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ ፈረንጆቹ ጥናቱ የሚከፈልበትን ቡድን ክንድ ብለው ነው የሚጠሩት። የሰው ክንድ አይደለም። እኔ ምድብ ስልዎት የነበረው እሱን ነው። የተለመደውን መድኃኒት ሁለቱም ምድቦች ይወስዳሉ። ኪኒኑ የሚሰጠው ለምድብ አንድ ብቻ ነው።»

ስለዚህ ልጄ፣ አዲሱ መድኃኒት እንዳይደርሰኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ የለመንኩት እኔ ነኝ። የለመንኩት ተሰጠኝ። አመሰገንኩበትም።

«ስለለመንኩሽ ነው እዚያ የከተትሽኝ?» አልኳት። «ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። የተናገሩትን አልሰማም፣ እኔም ልነግረው አልችልም» አለች። ይህን ለሾፌሩ ብነግረው፣ «ሰምቶህ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የምትሰድበው ታገኝ ነበር» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ «አይጦ፣ ጆሮዬ ላይ አትተኛብኝ» እስኪለኝ።

ከጥናቱ ልወጣ እንደማስብ ለነርሷ ነገርኳት። «መብትዎ ነው። ይኸው መድኃኒት ይቀጥልልዎታል» አለች።

«ብቀርስ ምን አገኛለሁ?»

«ስካኑና ደሙ በቀኑ ይታይልዎታል፣ እንዴት እንደሆኑ እየደወልን እንጠይቃለን። ከዚያ የተረፈው ጥቅም ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው ነው።»

ብትሸነግለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልሸነገለችኝም። እስከ ጥር መጨረሻ አስቤ መልስ እንድሰጥ ተነጋግረናል። ሁለተኛውን ዙር አፌን ዘግቼ ወስጃለሁ፤ በቀኝ ክንዴ።

አሁን አንድ ነገር መልሺልኝ። አንቺ ክንድና ምድብ የሚምታታብሽ ልጅ አይደለሽም፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። ያንን ወረቀት ማን ነው የጻፈው?

አጎትሽ


ጥር 9

ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም እንደምን አሉ።

ወረቀቱን የጻፈው ስልኬ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሳሁ፣ ስልኩ ተረጎመው፣ ከሱ ላይ እየገለበጥኩ ላክሁልዎ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እያንዳንዷን ቃል በእጄ ጽፌያታለሁ፤ አንዷንም አላነበብኳትም። ቁጭ ብዬ ሠራሁት ያልኩት ውሸት ነው።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልዎት ነበር፤ እሱም ሌላ ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ በራሴ ጀምሬው ነበር፣ እውነቴን ነው። ገጽ ሰባት ላይ ሰንጠረዥ አለ። የተለመደውን መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ስንቱ ስንት ወር እንደሚቆይ በቁጥር ተጽፏል። እዚያ ስደርስ ዓይኔ አልሄድ አለኝ። ስልኩን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስልክ አይፈራም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ሁለት እሑድ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀምጬ ሃያ ሁለቱንም ገጽ ጨርሻለሁ። ከዚህ ጋር ያገኙታል፤ ለነርሷም ያሳዩልኝ፣ ታርመኝ። ክንድ የሚል አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱም ደም ስለሚቀዳበት።

ምን ያህል እንደሄደም ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም። ገጽ ሁለት ላይ ማን መግባት እንደሚችል ተዘርዝሯል። ከሳንባ ውጭ ያልተዛመተበት ሰው አይገባም ይላል። እኔ ደግሞ «አጎቴ ገባ!» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።

ይውጡ ወይም ይቆዩ፣ የእርስዎ ነገር ነው። ብቻ እኔን ለመቅጣት ብለው አይውጡ። ይህን ብቻ ነው የምለምንዎት።

ልጅዎ


የካቲት 8

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምና ጤና እመኝልሻለሁ፤ ከልቤ ነው። አልተቆጣሁም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ስላላመንኩበት ሰረዝኩት። ተቆጥቻለሁ። ነገር ግን ቁጣዬን አገላብጬ ሳየው ላንቺ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው።

ሳላነብ አልፈርምም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። ኪኒን በክንድ የሚለው ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ስቄ አለፍኩት። «ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ ነርሷን ብጠይቅ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ያልጠየቅሁት ያላወቅሁ እንዳልመስል ነው። አንቺ ገጽ ሰባትን ሸሸሽ፣ እኔ ደግሞ ገጽ ሁለትን ሸሸግሁሽ። በሽታው አጥንቴ ውስጥ ነው፤ ጎድኔና ጀርባዬ ላይ። ገና መስከረም ላይ አውቀው ነበር። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ሾፌሩ በቀልድ ያለው ነገር እውነት ሆኖ አገኘሁት። ዕጣው እንዲያ የወጣው በልመናዬ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ጥፋተኛ ይኖር ነበር፣ ምክንያት ይኖር ነበር። በአክስትሽም ጊዜ እንዲሁ ነው ያደረግሁት። ያ ፊርማ ነው የገደላት ብዬ ስምንት ዓመት ይዤው የኖርኩት፣ እንዲሁ ሞተች ከማለት ስለሚቀል ነው። እንዲሁ የሚለውን ቃል እግዚአብሔር ፊት ማቅረብ ያስፈራል። አሁን ስንበረከክ ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም። ስለ ክንዴ መለመኑን ትቻለሁ። ዝም ብዬ እቆያለሁ፤ አንዳንዱ ቀን ዝምታዬ የኩርፊያ ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

የጥናቱ ነገር የገባኝ ሆስፒታል ሳይሆን ሱቅ ነው። የሒሳብ አስተማሪውን እያስተካከልኩ በጆሮው አጠገብ ያለውን ፀጉር አሳጠርኩ። ልክ መሆኑን በምን አወቅሁ? ሌላውን ጎኑን በመስታወት አይቼ ነው። በአንድ ጎን ብቻ አጠረ ረዘመ አይባልም። ቶንዶሱን እንደያዝኩ፣ «እኔ ያኛው ጎን ነኝ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አስተማሪው፣ «የቱ ጎን? አበላሸኸኝ እንዴ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አስረዳሁት። ጥቂት አስቦ፣ «ልክ ነህ። ያለ አንተ ኪኒኑ ምንም አያረጋግጥም» አለኝ። የሒሳብ ሰው ሲመሰክርልኝ ትንሽ ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ የሌላ ሰው መለኪያ መሆን ደረት የሚያስነፋ ዕድል አይደለማ።

ስካኑ ተነስቷል። «አልጨመረም፣ አልቀነሰም» አለች ሐኪሟ። ይህ ጥሩ ነው ወይ ብላት፣ «ለአሁኑ ጥሩ ነው» አለች። ለአሁኑ የሚለውን ቃል አልወደድኩትም፤ ግን ሌላ ቃል አልነበራትም። አዲሱን ወረቀትሽን ለነርሷ አሳይቻት ሦስት ቦታ አርማ ወሰደችው፤ ቢሮ ያለውን ትርጉም በዚህ ልታስፈጥን ነው።

እንደምቆይም ነግሬያታለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም፣ አትመጻደቂ። ብወጣ ያው መድኃኒት፣ ያው ማስታወክ ነው፤ የሚጎድለው ኪኒኑ ይረዳል ወይ ለሚለው መልሱ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ያለ መልስ መኖር ሰልችቶኛል። መልሱ ሲመጣ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም የሚያነበው ሰው ይኖራል።

ማክሰኞ የሚቀጥለው ዙር ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ ይላሉ፣ ወንበር የሚገኘው አራት ሰዓት ነው። ደም ሥሬን ፍለጋ ሦስቴ ይወጉኛል፣ ስንት ዓመት አጨሱም ብለው ይጠይቁኛል። እሄዳለሁ። ተናድጄ ነው የምሄደው። ሃያ ሁለቱንም ገጽ አንብቤያለሁ፤ ደስ ብሎህ ና የሚል የትም አልተጻፈም።

አምላክ አንቺንም እኔንም በየመንገዳችን ይያዘን፤
አጎትሽ